መሐሉ የማን መሐል ነው?

አንድ ሰፈር አብረው ያደጉ ሰዎች ዛሬ አንድ ሰፈር አይኖሩም። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ የኮንዶሚኒየም ዕጣ አንዱን ወደ ጀሞ፣ ሌላውን ወደ አያት፣ ሦስተኛውን ወደ ኮዬ ፈጬ ወስዷል። መልሶ ማልማቱና በቅርቡ የመጣው የኮሪደር ልማት ደግሞ በአዲስ አበባ እምብርት የነበሩ መንደሮችን አንሥተው ነዋሪውን ወደ ዳርቻው አሸጋግረዋል። ዕድሩ ግን አልፈረሰም። ማኅበሩም አለ፣ ዕቁቡም አለ፣ የልጅነት ጓደኝነቱም አለ። ስለዚህ በየወሩ አንድ ጥያቄ ይነሣል፦ የት እንገናኝ?

መልሱን ብዙ ጊዜ የሚሰጠው ልማድ ነው። «ሜክሲኮ ይሁን»፣ «መገናኛ ይሻላል» ይባላል፤ አለዚያም በዕድሜ ታላቅ የሆነው፣ መኪና ያለው ወይም ቀድሞ የተናገረው ሰው ደጅ ይመረጣል። ማንም ክፉ አላሰበም። ሆኖም አንዷ በየወሩ ሦስት ታክሲ እየቀያየረች ትመጣለች፤ ሌላው አሥር ደቂቃ በእግሩ ተራምዶ ይደርሳል። ከጥቂት ወራት በኋላ ሦስት ታክሲ የምትቀያይረው መቅረት ትጀምራለች። ለምን እንደቀረች የሚጠይቅ የለም፤ «ሥራ በዝቶባት ነው» ተብሎ ይታለፋል።

ይህን ጥያቄ የኮምፒውተር ሳይንስ ሊመልሰው ተነሥቷል። የቦታ መረጃ በሚያከማቹ የመረጃ ቋቶች ላይ ባለፉት ሃያ ዓመታት የተሠራው ምርምር ተበታትነው የሚኖሩ ሰዎችን ይዞ፣ ለሁሉም የሚበጀውን ምግብ ቤት፣ አዳራሽ ወይም ክሊኒክ ከዐይን ጥቅሻ ባነሰ ጊዜ ማግኘት የሚያስችል ደረጃ ላይ ደርሷል። የሒሳቡ ዋና ዋና ችግር ተፈትቷል ማለት ይቻላል። ያልተፈታው ከሒሳቡ በፊት የሚመጣው ነው፤ «ለሁሉም የሚበጅ» ማለት ምን ማለት ነው? ማሽኑ ይህን አያውቅም። ሰው የነገረውን ደንብ ይዞ ያሰላል፤ ደንቡን የመረጠም ሸክሙ በማን ላይ እንደሚያርፍ አብሮ መርጧል።

ከአንድ ሰው ወደ ብዙ ሰው

«ለእኔ ቅርብ የሆነው መድኃኒት ቤት የቱ ነው?» ብሎ መጠየቅ ዛሬ ለማንም ቀላል ነው። ኮምፒውተሩ ግን በከተማው ያለውን መድኃኒት ቤት ሁሉ አንድ በአንድ እየለካ ቢሄድ ጊዜ ይፈጅበታል። መፍትሔውን እ.ኤ.አ. በ1984 አንቶኒን ጉትማን የተባለ ተመራማሪ አቀረበ። አር-ትሪ የሚባለው ይህ የማውጫ ዘዴ ቦታዎችን በአራት ማዕዘን ክልሎች እየከለለ፣ ትንንሾቹን ክልሎች በትልልቅ ክልሎች ውስጥ ያስቀምጣል። አሠራሩ ከአስተዳደር እርከን ጋር ይመሳሰላል። ሰው የሚፈልግ ሰው ክፍለ ከተማው ልክ አለመሆኑን ካወቀ በውስጡ ያሉትን ወረዳዎች ሁሉ ማንኳኳት አያስፈልገውም። ኮምፒውተሩም እንዲሁ አንድ ትልቅ ክልል ከነሙሉው ሩቅ መሆኑን ሲያይ ውስጡን ሳይከፍት ያልፈዋል።

ጠያቂዎቹ ብዙ ሲሆኑ ነገሩ ይለወጣል። ለአንዱ ቅርብ የሆነው ለሌላው ሩቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በዲሚትሪስ ፓፓዲያስ የሚመራ በሆንግ ኮንግ የሚሠራ የተመራማሪዎች ቡድን ይህን «የቡድን የቅርብ ጎረቤት» ጥያቄ ብሎ ሰይሞ ሦስት መፍቻዎችን አቀረበ። በመጀመሪያው መፍቻ እያንዳንዱ አባል ተራ በተራ ከራሱ ደጅ የሚቀርበውን ቦታ ይጠራል፤ የተጠራው ቦታ ለሁሉም ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚያስከፍል ይደመራል። ዙሩ ሲቀጥል እያንዳንዱ የሚጠራው ቦታ ከራሱም እየራቀ ይሄዳል። አባላቱ የደረሱበት ርቀት ሲደመር እስካሁን ከተገኘው ምርጥ ድምር ከበለጠ፣ ያልተጠራ ቦታ ሁሉ የባሰ መሆኑ ስለተረጋገጠ ፍለጋው ይቆማል። ሁለተኛው የቡድኑን መሐል ነጥብ በግምት ወስዶ ከዚያ ወደ ውጭ ይፈልጋል። ሦስተኛው አባላቱን ሁሉ በአንድ አራት ማዕዘን ከልሎ፣ ከዚያ ክልል የራቀውን በጅምላ ይጥላል።

በቀጣዩ ዓመት ተመራማሪዎቹ ጥያቄውን አስፍተው ርቀቶቹ መደመር ብቻ እንደሌለባቸው አሳዩ። ድምሩ ያነሰበትን ቦታ መፈለግ አንድ መንገድ ነው፤ እጅግ ሩቅ የሚሆንበት ሰው ርቀት ያነሰበትን ቦታ መፈለግ ሌላ መንገድ ነው። ለኮምፒውተር ፕሮግራም ጸሐፊው ይህ ልዩነት አንዲት ቃል መቀየር ነው። ለቡድኑ ግን ሁለት የተለያዩ የፍትሕ ሐሳቦች ናቸው።

ድምሩና ሩቁ ሰው

ሁለቱ ሐሳቦች ከኮምፒውተር በፊት የኖሩ ናቸው። ፈረንሳዊው ፒየር ደ ፌርማ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከሦስት ነጥቦች ያለው የርቀት ድምር ያነሰበትን ነጥብ ፈልጉ ብሎ ጠየቀ፤ ጣሊያናዊው ቶሪቼሊም መልስ ሰጠበት። እ.ኤ.አ. በ1909 ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬበር ያንኑ ጥያቄ ወደ ፋብሪካ ቦታ አምጥቶ፣ ለእያንዳንዱ ነጥብ እንደሚጓጓዘው ዕቃ መጠን ክብደት ሰጠው። ሁለተኛውን ሐሳብ ያነሣው እንግሊዛዊው ጄምስ ጆሴፍ ሲልቬስተር ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1857 ነጥቦችን ሁሉ የሚያቅፈውን ትንሹን ክብ ፈልጉ አለ። የዚያ ክብ መሐል በጣም ሩቁ ሰው በተቻለ መጠን የሚቀርብበት ቦታ ነው።

ልዩነቱን በቁጥር እንየው። የአዲስ አበባ ቀላል ባቡር የምሥራቅ–ምዕራብ መስመር ከጦር ኃይሎች እስከ አያት 17 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በዚህ መስመር ዳር አምስት ጓደኛሞች ይኖራሉ እንበል። አራቱ ምዕራቡ ጫፍ ላይ ናቸው፤ አንዱ ጦር ኃይሎች፣ ሌሎቹ ከጦር ኃይሎች 2፣ 3 እና 4 ኪሎ ሜትር ላይ። አምስተኛዋ አያት ትኖራለች፤ እሷ 17ኛው ኪሎ ሜትር ላይ ናት።

ድምሩ ይነስ ካልን መልሱ 3ኛው ኪሎ ሜትር ነው። የአምስቱ ጉዞ ሲደመር 19 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ ከዚህ ውስጥ 14ቱ አያት የምትኖረው ጓደኛ ብቻዋን የምትጓዛቸው ናቸው። የሩቋ ጉዞ ይነስ ካልን መልሱ ከሁለቱ ጫፎች እኩል የራቀው 8.5ኛው ኪሎ ሜትር ነው። የእሷ ጉዞ ከ14 ወደ 8.5 ይወርዳል፤ የሁሉም ድምር ግን ከ19 ወደ 33.5 ያሻቅባል። እሷን በ5.5 ኪሎ ሜትር ለማሳረፍ ሌሎቹ በጠቅላላው 20 ኪሎ ሜትር ይጨምራሉ።

በድምሩ ደንብ ውስጥ ከዚህ የከፋ ነገር አለ። ጓደኛቸው ከአያት ለቃ ደብረ ብርሃን ብትገባ፣ ጉዞዋ ከመቶ ኪሎ ሜትር ቢያልፍ እንኳ መልሱ ፈቅ አይልም፤ ያው 3ኛው ኪሎ ሜትር ነው። በአንድ መስመር ላይ ድምሩን የሚያሳንሰው ነጥብ መካከለኛው ሰው ያለበት ነውና፣ ከጫፍ ያለው ሰው ምን ያህል እንደራቀ ስሌቱ ከቁም ነገር አይጥፈውም። በየትኛው ወገን እንዳለች ይቆጥራል፤ ድካሟን አይቆጥርም። «አማካይ ቦታ ነው፣ ኮምፒውተሩ ያወጣው ነው» ብለው የሚነግሯት መልስ እሷን ቢደክማትም ባይደክማትም የማይለወጥ መልስ ነው።

የሩቁን ሰው ጉዞ የሚያሳንሰው ደንብም ከነቀፌታ አያመልጥም። አንድ ሰው ብቻ በጣም ርቆ ከሄደ አራት ወይም አርባ ሰው ተከትሎት ወደ ባዶ ሜዳ ይሄዳል። የዕድር አዳራሽ ለአንድ አባል ተብሎ ሦስት መቶ አባላት ከሚኖሩበት አይነቀልም። ስለዚህ ከሁለቱ አንዱ ሁልጊዜ ትክክል ነው አልልም። የምለው፣ ምርጫው የሒሳብ ምርጫ ስላልሆነ ለሒሳብ አዋቂ ብቻ አይተው ነው።

መንገዱ እንጂ አሞራው አይደለም

እስካሁን ርቀትን እንደ ቀጥታ መስመር ቆጠርን። ሰው ግን እንደ አሞራ አይበርም። ይህን ቀድሞ በካርታ ላይ ካሳዩት አንዱ የለንደኑ ሐኪም ጆን ስኖው ነው። እ.ኤ.አ. በ1854 የሶሆን ሰፈር ኮሌራ ሲፈጀው፣ ሟቾቹ ከብሮድ ስትሪት የውኃ ፓምፕ ዙሪያ መሆናቸውን አሳየ። በቀጣዩ ዓመት በወጣ ካርታው ላይ ደግሞ ከዚህ ፓምፕና ከሌሎቹ ፓምፖች እኩል የሚርቁትን ነጥቦች የሚያገናኝ መስመር አሰመረ፤ ርቀቱን የለካው ግን ሰው በሚሄድባቸው ጎዳናዎች ነበር። በማስመሪያ ቢለካው ኖሮ የአንዳንዱ ቤት ሰው ከየትኛው ፓምፕ እንደሚቀዳ ይሳሳት ነበር።

አዲስ አበባ ለዚህ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። መስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ለብዙ ሰው መጓጓዣ ሆኗል፤ ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድባቸው ቦታዎች ግን አጥሩ የመንገዱን ሁለት ወገን ለያይቷል። ከወዲያ ማዶ ያለውን ካፌ በዐይን እያዩ ወደ መሻገሪያው ዞሮ መሄድ ግድ ነው። ካርታ ላይ ጎረቤት፣ በእግር ግን ሩቅ። ከተማዋ ደግሞ ተዳፋት ላይ ናት። ደቡቡ አቃቂ 2,100 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሲሆን የእንጦጦ ራስ ከ3,000 ሜትር ይበልጣል። ከሽሮ ሜዳ ወደ ስድስት ኪሎ በእግር መውረድና ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ መውጣት በካርታ አንድ ርቀት ነው፤ ጉልበት ግን ልዩነቱን ያውቀዋል። ታክሲ በሌለበት ምሽት የመመለሻው መንገድ ከመምጫው ሌላ ነው።

ስሌቱን በመንገድ መረብ ላይ ማካሄድ እንደሚቻል እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ሥራ አሳይቷል። ከዚያ በፊት ግን እ.ኤ.አ. በ1964 ሉዊስ ሐኪሚ የተባለ ተመራማሪ ለእኛ ከተማ የሚስማማ አንድ ነገር አረጋግጦ ነበር። የጉዞ ድምር የሚያንስበት ቦታ በመንገድ መረብ ላይ ሲፈለግ መስቀለኛ መንገድ ላይ ወይም ከተጓዦቹ በአንዱ ደጃፍ ይገኛል፤ በሁለት መስቀለኛ መንገዶች መካከል ከዚያ የተሻለ ነጥብ መፈለግ አያስፈልግም። የከተማችን ሰው ሜክሲኮን፣ መገናኛን፣ ስታዲየምን የመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም ማለት ነው። ሁለቱ የባቡር መስመሮች ስታዲየምን፣ ሜክሲኮንና ልደታን አብረው ያቋርጣሉ፤ መገናኛም በስሙ ሥራውን ይናገራል።

ግን ያ ማረጋገጫ የሚሠራው ለድምሩ ደንብ ነው። ለሩቁ ሰው የሚያስበው ነጥብ ብዙ ጊዜ በአደባባዮች መካከል፣ በመንገድ ወገብ ላይ ይወድቃል፤ ስም በሌለው፣ ታክሲ በማይቆምበት ቦታ። አደባባይ ብዙኃኑን ያገለግላል፤ ከሁሉም አደባባይ የራቀውን ግን አያየውም። ልማዳችን ሳናውቀው ከሁለቱ ደንቦች አንዱን መርጦልን ኖሯል ማለት ነው።

ያልተቆጠረው ሰው

ጥያቄው እየረቀቀ ሲሄድ አደጋውም ይረቅቃል። እ.ኤ.አ. በ2011 ተመራማሪዎች ጥያቄውን አላልተው፣ ከቡድኑ ሁሉ ይልቅ ለተወሰነው ክፍል፣ ለምሳሌ ለግማሹ፣ የሚበጀውን ቦታ መፈለግ እንደሚቻል አቀረቡ። ለስብሰባ ምልዓተ ጉባኤ መሙላት ከበቃ ይህ ተፈጥሯዊ ይመስላል። ውጤቱ ግን ግልጽ ነው፤ ስሌቱ በቅርብ የሚኖሩትን ይሰበስብና ዳር ያሉትን ይተዋል። ዘንድሮ የተተዉት ለከርሞም ዳር ናቸው። ምልዓተ ጉባኤው በየጊዜው ይሞላል፤ የሚሞሉት ግን ያው ሰዎች ናቸው።

ሌላው የማይቆጠር ሰው ካርታው ውስጥ የሌለው ነው። ዛሬ ማንም እነዚህን ጥያቄዎች በነፃ መሣሪያ ሊጠይቅ ይችላል። የቦታ መረጃን ለማስተናገድ የሚያገለግለው ፖስትጂአይኤስ እ.ኤ.አ. ከ2001፣ በበጎ ፈቃደኞች የሚሠራው የኦፕንስትሪትማፕ የዓለም ካርታ ከ2004 ጀምሮ ለሁሉም ክፍት ናቸው። ነገር ግን የመረጃ ቋት መምረጥ የሚችለው ከተመዘገበው ነው። ጥሩ የጀበና ቡና ያላት የአንዲት እናት ቤት፣ የቤተ ክርስቲያን ዐውደ ምሕረት፣ የቀበሌ አዳራሽ ካርታው ላይ ካልተመዘገቡ ለመመረጥ እንኳ አይቀርቡም። ስማርት ስልክ የሌላቸው አባት አድራሻም በቀመሩ ውስጥ አይገባም። በአንጻሩ የገባው ሰው ቤቱን ገልጦ ነው የሚገባው። እ.ኤ.አ. በ2013 በአንድ ሚሊዮን ተኩል ሰዎች የሞባይል መረጃ ላይ የተሠራ ጥናት አራት የጊዜና የቦታ ነጥቦች ብቻ 95 በመቶውን ሰው ከሌላው ለይተው ለማወቅ እንደሚበቁ አሳይቷል። ለአንድ የሻይ ቀጠሮ ቤትን አሳልፎ መስጠት ዋጋው ከታክሲው ይበልጣል። ለዚህ ተግባር ትክክለኛውን ቤት መስጠት አያስፈልግም፤ በአቅራቢያ ያለው የታክሲ ማቆሚያ ይበቃል። መተግበሪያ የሚሠሩ ወጣቶቻችን ከዚህ ያለፈ እንዳይጠይቁ እመክራለሁ።

ሰው ሊሞትበት የሚችል ርቀት

ነገሩ ቡና የመጠጣት ብቻ ቢሆን ይህን ያህል ባልጻፍኩ። ያው ጥያቄ ትምህርት ቤት፣ የውኃ ቦኖና ጤና ኬላ የት ይሠራ በሚለው ውስጥ አለ። በኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2003 የተጀመረው የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም አንድ ጤና ኬላ ከ3,000 እስከ 5,000 ለሚሆን ሰው እንዲያገለግል መስፈርት አስቀምጧል። መስፈርቱ ስንት ሰው የሚለውን ይመልሳል፤ የት የሚለውን ግን አይመልስም። በተራራማ ቀበሌ ውስጥ የድምሩ ደንብ ኬላውን ቤቶች ወደ ተጠጋጉበት መንደር ይወስደዋል። ሸለቆው ማዶ ያሉት ጥቂት ቤቶች መልሱን አይለውጡትም፤ ከላይ እንዳየነው አያት የምትኖረው ሴት ደብረ ብርሃን ብትገባም መልሱ አልተለወጠም። ምጥ ለያዛት እናት ግን ያ ልዩነት ሕይወት ነው። እንዲህ ባለው ጉዳይ የሩቁን ሰው ርቀት የሚገድብ ደንብ መቅደም አለበት ብዬ አምናለሁ። በሪፖርት ላይ አማካይ ርቀት ሲቀርብ ከጎኑ «በጣም የራቀው ቤት ስንት ሰዓት ይወስድበታል?» የሚል አንድ ቁጥር መጨመር አለበት። አማካዩ ብቻ ከቀረበ ማዶ ያለው ቤት ተሰውሯል ማለት ነው።

ፕሮግራሙ ራሱ ግን ከስሌቱ የጠለቀ ነገር አስተምሮናል። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ኬላው ውስጥ ተቀምጠው አይጠብቁም፤ ቤት ለቤት ይሄዳሉ። ሕንፃው ባይንቀሳቀስ አገልግሎቱ ይንቀሳቀሳል። ያንን የተንቀሳቀሰውን እግር ከላይ ያየናቸው የቡድን ጥያቄዎች አልጠየቁትም፤ ሁሉም ሰው ወደ አንድ ቦታ ይመጣል ብለው ይጀምራሉና።

ተራ የሚባለው ዕውቀት

የቡድን ጥያቄዎቹ ሌላም ጉድለት አላቸው፤ ትዝታ የላቸውም። እያንዳንዱን ስብሰባ የመጀመሪያ አድርገው ያሰላሉ። ባለፈው ወር ማን እንደደከመ ስለማያስታውሱ፣ አባላቱ ቤት እስካልቀየሩ ድረስ ያው ሰው ወር በገባ ቁጥር ይደክማል። አንድ ጊዜ ሲታይ ጥቂት የሚመስል አድልዎ ተደጋግሞ ሰውን ከማኅበሩ ያስወጣል።

አባቶቻችንና እናቶቻችን ይህን ያለ ቀመር ፈትተውታል። የጽዋ ማኅበር አንድ መሐል ቦታ አይፈልግም፤ ከቤት ወደ ቤት ይዞራል። በዚህ ወር ጽዋው ከእኔ ቤት ይወጣል፣ ለሚቀጥለው ወር አንተ ቤት ይገባል። ዕቁብም ገንዘቡን ለአንድ ሰው አያስቀምጥም፤ ዕጣው ሁሉንም ያዳርሳል። ፍትሕን በአንድ ቀን ሳይሆን በዙር ውስጥ መፈለግ ማለት ይህ ነው።

ወደ አምስቱ ጓደኛሞች ልመለስና ተራውን እንቁጠረው። በየወሩ ከአምስቱ በአንዱ ሰፈር ቢገናኙ፣ ዙሩ ሲያልቅ አያት የምትኖረው ጓደኛ ጉዞ በአማካይ 11.8 ኪሎ ሜትር ይሆናል፤ በድምሩ ደንብ 14 ነበር። የሁሉም ድምር በአማካይ 28.8 ይሆናል፤ በሁለተኛው ደንብ 33.5 ነበር። ተራው ከሁለቱ ደንቦች መካከል ይውላል፤ ለእሷ ከመጀመሪያው ይሻላል፣ ለቡድኑ ከሁለተኛው ይሻላል። ቁጥሩ የማያሳየው ደግሞ አለ። ከአምስት ወር በአንዱ አራቱ አያት ድረስ ሄደው እሷ የምትደክምበትን መንገድ በራሳቸው እግርና ኪስ ያውቁታል። ያንን መንገድ ያወቀ ሰው በሚቀጥለው ወር ስትዘገይ አይቆጣም፤ ስትቀር ደግሞ ይጠይቃል።

ስለዚህ ለሁለት ወገን አንድ ነገር አሳስባለሁ። እነዚህን መተግበሪያዎች የምትሠሩ ባለሙያዎች፣ መልሱን ብቻ አታሳዩ፤ እያንዳንዱ አባል ስንት እንደሚከፍል በግልጽ አስቀምጡ፣ ደንቡን ቡድኑ ራሱ ይምረጥ፣ ያለፈውንም ጉዞ መዝግባችሁ ብዙ የደከመው በቀጣዩ ጊዜ ክብደት እንዲያገኝ አድርጉ። ቬበር ክብደትን ለድንጋይ ከሰልና ለብረት ከሰጠ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል፤ ለደከመ ሰው መስጠት አይከብድም። የማኅበርና የዕድር ሰብሳቢዎች ደግሞ «የት እንገናኝ?» ከማለታችሁ በፊት «ባለፈው ማን ራቀበት?» ብላችሁ ጀምሩ። መዞር የሚችለው ይዙር፤ መዞር የማይችለው ሕንፃ ደግሞ ከመሠራቱ በፊት ማዶ ያለው ቤት ይቆጠር። የቀረችውን ሴት «ሥራ በዝቶባት ነው» ከማለታችን በፊት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አያት ድረስ ሄደን እንይ።